የኦማ ቁጥቋጦዎችና የእትዬ አጥር

ኦማ ደረጃ ላይ የወደቁ ዕለት እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ልጄ አብራቸው ነበረች። ከምድር ቤቱ ድንች ይዘው ሲወጡ መጨረሻው ደረጃ ላይ እግራቸው ከዳቸው። ልጄ ያኔ አራት ዓመት ከመንፈቅ ቢሆናት ነው። የሕንጻውን ደወል ሁሉ እየደወለች ሰው ጠራች። እኔ ስደርስ አምቡላንሱ ሄዷል፤ ልጄ ጎረቤት ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላለች። በሌላ እጇ አንድ ድንች ይዛለች። ልቀበላት ስል አልሰጥም አለችኝ። ድንቹን ይዛው አደረች።

ፍራንክፈርት፣ ፌኸንሃይም ውስጥ ነበር የምንኖረው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ከተጋመሱ በኋላ መሆኑ ነው። እኛ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኦማ ምድር ላይ። ኦማ፣ በጀርመንኛ አያት፣ የምንላቸው ልጄ ስላለቻቸው ነው እንጂ ዝምድና የለንም፤ ባላቸው የሞቱባቸው ጀርመናዊ አሮጊት ናቸው። ባለቤቴ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭን ውሎ ያመሻል። እኔ ከሰዓት በኋላ ቢሮ አጸዳለሁ። ኪንደርጋርተኑ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ልጆቹን ይመልሳል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያቆይ ቦታ ስንጠይቅ ጠብቁ አሉን፣ ጠበቅን፣ አሁንም ጠብቁ አሉን። ልጄን ይዤ የት እንደምገባ ጠፍቶኝ ደረጃው ላይ ቆሜ ሳለ ነው ኦማ በራቸውን ከፍተው «እኔ ጋ ትቆይ፣ ሾርባ አለኝ» ያሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ የሄድኩት ኦማ ስላሉ ነው። ልጄ ከእሳቸው ሌላ አያት አታውቅም። የእኔ እናት በፎቶ ብቻ ናት ለእሷ።

ስለዚህ ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ ደግነት ብቻ አልነበረም የወሰደኝ። ፍርሃትም ነበር።

ልጃቸው ከሰሜን፣ ከባሕሩ አጠገብ ካለ ከተማ መጥቶ አልጋው አጠገብ ተቀምጧል። ከባለቤቴ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ረጅም ሰው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። እኔን ሰላም ብሎ ንግግሩን ቀጠለ።

«ብቻሽን መኖር አበቃ፣ እማማ። ከእኛ ጋር ትሄጃለሽ። ክፍሉ ተዘጋጅቷል።»

«ጋርተኔስ?» አሉ ኦማ።

ጋርተን የሚሉት በማይን ወንዝ ዳር፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ያለችውን ቁራጭ የአትክልት ቦታቸውን ነው። እዚያ አገር ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ይከራያል፤ ማኅበር አለው፣ ደንብ አለው፣ ሊቀ መንበር አለው።

«ጋርተንሽ ታሟል» አለ ልጅየው። «አምና ፍሬውን ሁሉ የጣልሽው ረሳሽው? ነጭ ሻጋታ ለብሶ? ሊቀ መንበሩም ዘንድሮ ከደገመ ይነቀል ብሏል።»

ኦማ «እንወራረድ» አሉት። «ነጩ ዘንድሮ ከተመለሰ ቁጥቋጦዎቹን አስነቅላለሁ፣ ቁልፉን እመልሳለሁ፣ አብሬህ እሄዳለሁ። ካልተመለሰ እዚሁ ነኝ። ሁለተኛ ይህን ነገር አታነሳብኝም።»

«ከሻጋታ ጋር ነው የምትወራረጂው?»

«ከአንተ ጋር ነው።»

እየሳቀ እጁን ሰጣቸው፤ በብርድ ልብሱ ላይ ተጨባበጡ። እኔ አልሳቅሁም። እሱ ቡና ሊያመጣ ሲወጣ ኦማ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«የምትቆርጪው አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«እና ማን? እኔ እንደሆንኩ እግሬ በብሎን ታስሯል።»

ቁጥቋጦዎቹ ስድስት ናቸው፤ ባላቸው በሕይወት ሳሉ የተከሏቸው። ሽታኸልቤረ ይባላሉ። ፍሬው እንደ ትንሽ ወይን ነው፣ ጸጉራም፤ ጥሬውን ከበሉት ጥርስ ያጠርሳል። ከፍሬው ይልቅ እሾሁ ይበዛል። አምና በጋ ላይ ዱቄት የተነፋበት ይመስል ቅጠሉም ፍሬውም ነጭ ለብሶ አይቼዋለሁ።

ኦማ ብርድ ልብሱ ላይ በጣታቸው እየሣሉ አስረዱኝ። በሽታው ክረምቱን የሚያሳልፈው ጫፍ ጫፉ ላይ ነው። የየቅርንጫፉ ጫፍ ሁሉ ይቆረጥ። ጠቆር ያለው፣ ቅርፊቱ የተላጠው አሮጌ እንጨት ከሥሩ ይውጣ። መሐሉ እንደ ሲኒ ክፍት ይሁን፤ ነፋስ ይግባበት። ቅጠሉ ሳይፈነዳ ይለቅ። «ከሁሉ በላይ ደግሞ» አሉ ጣታቸውን አንስተው፣ «የተቆረጠው መሬት ላይ አይቀርም። ኮምፖስት ውስጥ አይገባም። ከረጢት ውስጥ፣ ከዚያ ቆሻሻ። አንዲት ጫፍ ብትቀር ሁሉም ባዶ ልፋት ነው።»

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የተነገረኝን ነገር እንዳይጠፋብኝ በቃሌ እየደጋገምኩ ነው የምይዘው። ወደ ቤት ስመለስ ሽትራሰንባኑ፣ የከተማው ባቡር፣ ውስጥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ጫፍ ጫፉን፣ አሮጌውን ከሥሩ፣ ቅጠል ሳይወጣ፣ ከረጢት ውስጥ፣ እላለሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ ጸሎት መስሏት ዓይኗን ዝቅ አደረገች።

መቁረጥ እፈራለሁ። ልጄን ጥፍሯን የምቆርጣት እንቅልፍ ሲወስዳት ነው። ዛፍ ደግሞ አንዴ ከቆረጡት መልሰው አይቀጥሉትም። ባለቤቴ «እንጨት ነው እኮ» ይለኛል። ለእኔ ግን እንጨት አልነበረም። ኦማ ነበሩ።

ያን ጊዜ ልጄን የያዙልኝ የባለቤቴ አክስት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ኤርትራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ተምረው፣ እዚህ በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። የሚኖሩት ከዋናው ባቡር ጣቢያ ወዲያ፣ ጉትሎይትፊርቴል ነው። ጉልበታቸውን እያመማቸው ከተማውን አቋርጠው በየቀኑ እኩለ ቀን ይመጡልኛል። እኔን «ጓለይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። የሚጾሙ፣ የሚያስቀድሱ፣ የቀን ቅዱስ የማያልፋቸው ሰው ናቸው።

ቅዳሜ ልቆርጥ አሰብኩ፤ ሙሉ ቀን ያለኝ ያኔ ነውና። ባለቤቴም ልጅ ይይዛል።

«ቅዳሜ ዛፍ ላይ ብረት አይነሳም» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ እዚህ አገር ሌላ ቀን የለኝም።»

«እዚህ አገር ቅዳሜ የለም እንዴ?»

ባለቤቴ ከሶፋው ላይ «አክስቴ፣ ቅጠሉ ቅዳሜ መሆኑን በምን ያውቃል?» አላቸው።

«አንተስ በምን ታውቃለህ፣ ተኝተህ እየዋልክ።»

ልጄን የሚይዙልኝን ሰው አስቀይሜ የትም አልደርስም። ተውኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ዝናብ ሆነ። ከዚያ ልጄ አተኮሳት። ከዚያ ደግሞ ቀኑ ይሞቅ ጀመር፤ ለሰው ሁሉ ደስ ያለው ሙቀት እኔን አስጨነቀኝ። ጠዋት ልጄን ኪንደርጋርተን አድርሼ እየሮጥኩ ሄጄ እንቡጡን አያለሁ። መጀመሪያ የገብስ ፍሬ ታክል ነበር። ቀጥሎ አበጠች። ቀጥሎ ጫፏ ላይ አረንጓዴ መስመር አየሁ። ቅጠል የሚፈነዳበትን ድምፅ በእንቅልፌ እሰማ ጀመር፤ ድምፅ እንደሌለው ባውቅም።

በስተመጨረሻ አንድ ሐሙስ ኪንደርጋርተኑ ለስብሰባ ተዘጋ። እትዬን በጠዋት እንዲመጡልኝ ለመንኳቸውና ሦስታችንም ሄድን።

የጋርተኑ የታች ጫፍ ወደ ወንዙ ነው። የሽቦ አጥር አለው፣ ግን አንድ ቦታ ዝጎ ተበጥሶ ልጅ የምታሾልክ ቀዳዳ ከፍቷል። ከቀዳዳው ወዲያ ብስክሌት የሚነዳበት መንገድ፣ ከመንገዱ ወዲያ ቁልቁለት፣ ከዚያ ማይን። ያን ሰሞን ውሃው ሞልቶ ቡናማ ሆኖ ነበር የሚሄደው። ገና በሩን ስንገባ «እትዬ፣ ቀዳዳዋን አደራ» አልኩ። ጓንት ሳጠልቅም አልኩ። የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ይዤም ዞር ብዬ አልኩ።

«ሰማሁ፣ ጓለይ። ወንዙም ሰምቷል።»

የመጀመሪያው ቁጥቋጦ የጠዋቱን እኩሌታ በላው። የኦማ ጓንት ለእኔ ይጠብባል፤ እሾሁ በስፌቱ በኩል እየገባ ይወጋኛል። ጫፎቹን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ሳያቸው እውነትም ቡናማ የበግ ጸጉር የመሰለ ነገር ተጣብቆባቸዋል፤ ተጣመዋል። እነሱን መቁረጥ ቀላል ነው። የሚያስፈራው አሮጌውን እንጨት ከሥሩ ማውጣቱ ነው። የቱ ነው አሮጌ? አንዱ ጠቁሯል፣ ግን ቡቃያ አለው። ሌላው ነጥቷል፣ ግን ደረቅ ነው። መቀሱን አስገባለሁ፣ አወጣለሁ፣ በሌላ በኩል ዞሬ አያለሁ።

እትዬ የኦማን በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። ልጄ ጉልበታቸው ሥር ጠጠር ትደረድራለች።

«ሙሽራ እንደሚያበጥር ሰው ዙሪያውን ትዞሪያለሽ» አሉኝ። «ቁረጪው እንጂ።»

«ቢደርቅስ?»

«ቢደርቅ ይደርቃል። አንቺ ግን ከእሱ በፊት ልትደርቂ ነው።»

ቆረጥኩት። ምንም አልሆነም። ሰማዩም አልወደቀም። ከዚያ በኋላ እጄ ትንሽ ፈጠነ። ስድስተኛውን ስጨርስ ግን የሥራ ሰዓቴ ቀርቦ ነበር። ሣሩ ላይ የእሾህ ክምር ቆሟል፣ ልጄን የሚያህል። ከረጢቶቹን ለእትዬ ሰጠኋቸው።

«ይህን ሁሉ ከረጢት ውስጥ ያስገቡልኝ። መሬት ላይ ምንም እንዳይቀር።»

«ሂጂ፣ ሂጂ። እኔ አለሁ አይደል።»

ማታ ስመለስ ልጄ ተኝታለች፣ እትዬ ካፖርታቸውን ለብሰው ይጠብቁኛል። ሁሉንም በየቦታው አድርጌዋለሁ አሉኝ። ፊታቸው ላይ አንድ ደስታ ነበር። «ከእንግዲህ ልብሽ ይረፍ» ብለው ጉንጬን ስመውኝ ወጡ። እውነትም ያን ሌሊት ልቤ አረፈ።

ዓርብ ዘነበ። ቅዳሜም ዘነበ፣ ሞቅ ያለ ዝናብ። እሑድ ከሰዓት ልጄ ምንጣፍ ላይ አሻንጉሊቷን አስቀምጣ በልብስ መቆንጠጫ ዙሪያዋን ትከባታለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት።

«ዛውን» አለችኝ በጀርመንኛ፤ አጥር ነው። «ማይን ውስጥ እንዳትገባ። እትዬ እንደሠራችው።»

«እትዬ የት ሠሩ?»

«ቀዳዳው ጋ። ኦማ ጋርተን።»

«በምን?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «በሽታኸልን» አለች፣ በእሾህ።

ሰኞ ጠዋት ልጄን ኪንደርጋርተን በር ላይ ሳልስማት ትቼ ሮጥኩ።

አጥሩን ሳየው መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር፣ ለምን እዋሻለሁ፣ አድናቆት ነው። እኔም ያደግሁት በእሾህ በታጠረ ግቢ ነው። እንዲህ ያለ አጥር የሚያጥር ሰው ግን ካየሁ ስንት ዘመኔ። ወፍራም ወፍራሙን እንጨት መሬት ውስጥ ተክለውታል። ቀጫጭኑን አግድም አስገብተው ጎንጉነውታል። ግንዱ ወደ ውስጥ፣ እሾሁ ወደ ውጭ፣ እርስ በርሱ እየተናከሰ። ጫፎቹን ደግሞ፣ እነዚያን የታመሙትን፣ ክፍተት እንዳይኖር እንደ ማገር ጠቅጥቀዋቸዋል። ድመት እንኳ አታልፍበትም። በሚያማቸው ጉልበት ተንበርክከው ነው የሠሩት። እኔ ወንዙን ወንዙን ስላልኩ ነው የሠሩት።

አጥሩ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥቋጦዎች ሥር ነበር። ነፋሱ ከወንዙ ወደ ላይ ነው የሚነፍሰው። ቁጥቋጦዎቹ ደግሞ ዝናቡን ጠጥተው ቅጠላቸው ፈንድቷል፣ የአይጥ ጆሮ የምታክል ቅጠል፣ ለምለም።

ማፍረስ ጀመርኩ። መጎንጎኑ ጠንካራ ስለሆነ ስስበው ጫፎቹ እየተሰበሩ እርጥቡ ሣር ውስጥ ይወድቃሉ። አንዱን ሳነሳ ሁለት ይወድቃል። ሰዓቴ ደረሰ፤ ትልልቁ ከረጢት ውስጥ ገባ፣ ስብርባሪው ግን ሣሩ ውስጥ እንደተበተነ ነው። እጄ ደምቶ ወደ ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ የሚያስጨንቀኝ ሁለት ሆነ፤ ቁጥቋጦዎቹና ለእትዬ የምላቸው ነገር።

ዕለቱ የወሩ ማርያም ነበር። እትዬ ከቅዳሴ ነው የመጡት፣ ነጭ ለብሰዋል። ልጄን ከኪንደርጋርተን ይዣት ስገባ በሩ ላይ ቆመው እጄን አዩት።

«ምን ሆነሽ?»

«አጥሩን አፈረስኩት፣ እትዬ።»

ገብተው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጄ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች።

«አስቀያሚ ሆኖብሽ ነው?» አሉኝ። «ፈረንጆቹ እንዳይስቁብሽ?»

«ኧረ አይደለም። ቅርንጫፉ በሽታ ነበረበት። ከረጢት ውስጥ ይግባ ያልኩት ለዚያ ነው።»

«በሽታ ያለበት እሾህም ይወጋል እኮ፣ ጓለይ። እንደዚያ ያለ እሾህ ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል እንዴ? ያንቺ ልጅ ውሃ ዳር እየተጫወተች? አስቤ ነው፣ ለመጣል እጄ እንቢ አለኝ።»

«በሽታው ከጫፉ ተነስቶ ተመልሶ ቁጥቋጦው ላይ ይወጣል። ከወጣ ኦማ ይሄዳሉ። ከልጃቸው ጋር ተወራርደዋል።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩን ሁሉ የነገርኳቸው። ሆስፒታሉን፣ ውርርዱን፣ አንዲት ጫፍ ብትቀር የተባልኩትን። እትዬ ሲሰሙኝ ቆይተው መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ከረጢቱ የታለ?»

«እትዬ፣ ዛሬ ማርያም ናት።»

«ብረት አልነካም። ጣት ብረት አይደለም።»

ልጄን ይዘው ሄዱ። እኔ ወደ ሥራዬ። ቢሮዎቹን ሳጸዳ የት እንዳጸዳሁ የት እንዳላጸዳሁ አላውቅም፤ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ጋርተኑ ሄድኩ። ገና ብርሃን ነበር። እትዬ ሣሩ ላይ ፕላስቲክ አንጥፈው በጉልበታቸው ቆመዋል፣ ሩዝ እንደሚለቅም ሰው ሣሩን በጣታቸው እየከፈሉ። ልጄ ከረጢቱን በሁለት እጇ ከፍታ ትከተላቸዋለች። አንዲት ስንጥር ባገኙ ቁጥር ያሳዩዋታል፤ እሷም «ክራንክ» ትላለች፣ ታማለች ማለቷ ነው፤ ወደ ከረጢቱ ይጥሏታል። ጤነኛ የምትባል አንዲትም አልነበረችም። እኔም ጎናቸው ተንበረከክሁ። ጨለም ሲል ጣቴ እንጂ ዓይኔ አልነበረም የሚለቅመው።

ቀዳዳውን ባለቤቴ በነጋታው በሽቦ ዘጋው። እትዬ አይተውት «በግ አያቆምም» አሉ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። መጠበቅ ከመቁረጥ ይከብዳል። በየጠዋቱ ሄጄ ቅጠሉን እየገለበጥኩ ሆዱን አያለሁ። ነጭ ነገር ሁሉ ጠላቴ ሆነ። አንድ ቀን ከበሩ ላይ ሆኜ ሳይ ስድስቱም ቁጥቋጦ ነጭ ለብሷል። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስነሳና ስጠጋ የጎረቤቱ የቼሪ ዛፍ አበባውን አርግፎባቸው ነው። አንድ በአንድ አራገፍኩት፤ የመጨረሻዋ እስክትወርድ አላመንኩም።

ኦማ በሁለት ክራንች ተደግፈው ተመለሱ። ልጄ ለሁለት ቀን አፈረቻቸው፣ በሦስተኛው ቀን ጭናቸው ላይ ነበረች። ልጃቸው በጰራቅሊጦስ በዓል መጥቶ ቁጥቋጦዎቹን እንደሚያይ ደወለ። በዓሉ ሲቃረብ ኦማ «ውሰጂኝ» አሉኝና ደግፌያቸው ቀስ እያልን ሄድን። ፍሬው ትንንሽ ሆኖ ተንጠልጥሏል፣ አረንጓዴ፣ ንጹሕ። ከአንዱ ወደ አንዱ ስናልፍ መነጽራቸውን እያስተካከሉ «ጥሩ ቆርጠሻል» ይላሉ። «ይሄኛውን ፈርተሻል። ይሄኛው ጥሩ ነው።»

የመጨረሻው ላይ ቆሙ። በወንዙ በኩል፣ አንዲት ለጋ ጫፍ ላይ፣ ነጭ ነበር። የአቧራ ያህል። አበባ አልነበረም።

ከዚያ ሳላስበው ስለ አጥሩ ነገርኳቸው፤ ባለችኝ ጀርመንኛ፣ የባለቤቴ አክስት ለልጅቷ ብለው፣ እሾሁን፣ ሣሩን፣ ለቀማውን። ኦማ እያዳመጡኝ አንዱን ክራንች ለእኔ አቀበሉኝ። ጎንበስ ብለው ጫፏን በጥፍራቸው ቆረጧት። የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ አስገቧትና ቁልፉን ቆለፉባት።

«ኦማ?»

«ውርርዱ ከልጄ ጋር ነው» አሉኝ። «ከዚህች ጫፍ ጋር አይደለም። እኔ እዚያ ባሕር ዳር ምን እሠራለሁ? ቀኑን ሙሉ ይነፍሳል።»

እስከዚያች ቀን ድረስ ኦማ እንዳይሄዱ የፈራሁት እኔ ብቻ ነበር የሚመስለኝ። እሳቸውም ይፈሩ እንደነበር አላሰብኩም።

በበዓሉ ቀን ልጅየው መጣ። ኦማ ጠረጴዛው ጋ ወንበር ላይ ናቸው፣ እትዬ ከጎናቸው፤ የእትዬ ጀርመንኛ ከልብስ ማጠቢያው አያልፍም፣ አንድ ሳህን ላይ ያለ ኬክ እያቀባበሉ ይበላሉ። ልጄን እጇን ይዣታለሁ፣ አጥብቄ መሆን አለበት፣ ትፈራገጣለች። እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከአንደኛው ቁጥቋጦ ጀመረ። ቅጠል ይገልጣል፣ ያልፋል። ይገልጣል፣ ያልፋል። መጨረሻው ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለ፣ ያውም ዝቅ ብሎ፣ እኛ ያላየነው ከሥር በኩል። ከቆምኩበት ይታየኛል። አንዲት ፍሬ ላይ፣ እንደ ጣት አሻራ የሆነ ነጭ።

ቀጠፋት። በአውራ ጣቱ ጠረጋት፤ ሁለት ጊዜ። አፉ ውስጥ አደረጋትና ፊቱ ተጨማደደ።

«አሁንም እንደዚያው ይኮመጥጣል» አለ።

«ነጭ አየህ?» አሉት ኦማ ከወንበራቸው። እጃቸው ኪሳቸው ላይ ነበር።

አውራ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። እናቱን አያቸው። «አላየሁም» አለ፤ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ከዚያ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ያወራ ጀመር።

እትዬ በአማርኛ «ምን አለ?» አሉኝ።

«አላየሁም አለ።»

«እንግዲያ ምን ያቁነጠንጥሻል? ተቀመጪ፣ ብዪ።»

ተቀመጥኩ። ኬኩን ግን አልነካሁም። ልጅየው ያደገው በእነዚያ ቁጥቋጦዎች መሐል ነው፤ ነጩ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ኦማም አይተውታል፣ እሱም አይቶታል፣ ሁለቱም አላየንም ብለው ቡና ይጠጣሉ። ነጩ ግን እዚያው አለ። ለሚቀጥለው ዓመት ጫፉ ላይ ይከርማል። ልጄ እጄን አስለቅቃ ሄዳ ኦማ ጭን ላይ ወጣች። እኔ ከወንበሬ ሆኜ ስድስተኛውን ቁጥቋጦ በዓይኔ እየለካሁ፣ የቱን ቅርንጫፍ ከሥሩ እንደማወጣ ከአሁኑ እያሰብኩ ነበር።